ቤዚክ (የጦሩ መሠረታዊ ሥልጠና) ከመግባታችሁ በፊት ያሉት 12 ሳምንታት፦ የአሜሪካ ጦር የአካል ብቃት ፈተና ዝግጅት ከሀ እስከ ፐ

ባለፈው ሰመር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ትራክ ላይ ለአንድ ልጅ ፑሽ አፕ ቆጠርኩለት። እሱ «አርባ አንድ» አለ። እኔ «ዘጠኝ» አልኩት። ፊቱ ተቀያየረ። በስልኬ የቀረጽኩትን አሳየሁት። ከዘጠነኛው በኋላ ደረቱ መሬት አይነካም፤ እጁም ወደ ጎን አይዘረጋም። ይሄው ልጅ ሁለት ማይል በ14 ደቂቃ ይሮጣል።

የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እንዲህ ነው። «ሐበሻ ሩጫ አይከብደውም» ብለው ሦስት ወር ሙሉ ሩጫ ብቻ ይሮጣሉ። ፈተናው ላይ ግን ሩጫው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ክብደት አንስታችሁ፣ ፑሽ አፕ ሠርታችሁ፣ ሸክም ጎትታችሁ ጉልበታችሁ ካለቀ በኋላ።

ይሄ መመሪያ የመግቢያ ቀኑ ለተቆረጠለት ሰው ነው። 12 ሳምንት ካላችሁ በቂ ነው። ስድስት ብቻ ከቀራችሁ ሪክሩተራችሁን (የመዘገባችሁን የጦሩ ሰው) ቀኑን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉንም በስድስት ሳምንት ለመጨረስ አትሩጡ፤ እግር የሚሰበረው እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን እወቁት

ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጦሩ ፈተና ኤኤፍቲ ይባላል። የድሮው ኤሲኤፍቲ ላይ የነበረው ኳስ ወደ ኋላ መወርወር ቀርቷል። ዩቲዩብ ላይ ኳስ ሲወረወር ካያችሁ ቪዲዮው የቆየ ነው። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦

1. ዴድሊፍት፦ በሄክስ ባር (መሐሉ የሚቆምበት ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት)፣ የምትችሉትን ከባድ ክብደት ሦስት ጊዜ ማንሳት።
2. እጅ የሚለቀቅበት ፑሽ አፕ፦ በሁለት ደቂቃ የቻላችሁትን ያህል።
3. ስፕሪንት፣ ጉተታ፣ ሸክም፦ በ25 ሜትር መስመር ላይ አምስት ደርሶ መልስ፣ በድምሩ 250 ሜትር።
4. ፕላንክ፦ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት።
5. የሁለት ማይል ሩጫ፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር።

እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል። በእያንዳንዱ ቢያንስ 60፣ በድምሩ 300 ያስፈልጋል። አንዱ ላይ 59 ካመጣችሁ ሌላው ላይ 100 ማምጣታችሁ አያድናችሁም። 21 የውጊያ ሙያዎች ደግሞ ወንድ ሴት ሳይለዩ በድምሩ 350 ይጠይቃሉ። 60 የሚያሰጠው ክብደትና ሰዓት እንደ ዕድሜና ጾታ ስለሚለያይ የራሳችሁን ረድፍ ከጦሩ የነጥብ ሰንጠረዥ ፈልጉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ጓደኛችሁ በነገራችሁ ቁጥር አትመሩ።

## ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት (አንድ ሳምንት)

1. ሐኪም ጋ ሂዱ። ደማችሁን ተመርመሩ፤ በተለይ ሴቶችና ብዙ የምትጾሙ የብረት ማዕድን መጠናችሁን እወቁ። ደም ማነስ ያለበት ሰው ቢለማመድም ሩጫው አይሻሻልለትም፤ ስንፍና ይመስለዋል እንጂ ስንፍና አይደለም።
2. የሩጫ ጫማ ግዙ። ለፋሽን የሚለበስ ስኒከር አይሆንም። የሩጫ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ ሮጣችሁ ሞክሩት። ከአውራ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑር።
3. ሄክስ ባር ያለው ጂም ፈልጉ። ባዶውን ሄክስ ባር አስመዝኑት ወይም ጠይቁ፤ የጦሩ 60 ፓውንድ ነው፣ የጂሞች ግን ይለያያል። ይሄን ሳያዩ የሚደምሩ ሰዎች 15 ፓውንድ ያህል ራሳቸውን ያታልላሉ።
4. ደብተር ያዙ። ቀን፣ የሠራችሁት፣ የተኛችሁት ሰዓት፣ የሚያማችሁ ቦታ። አራት መስመር ይበቃል።

በሳምንቱ መጨረሻ ራሳችሁን ለኩ፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ቀን ፑሽ አፕና ፕላንክ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ማይል። ዴድሊፍትን አሁን በከባዱ አትሞክሩት።

## ደረጃ 2፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፣ አሠራሩን መልመድ

የሳምንቱ አደራደር ረቡዕና ዓርብን ቀለል ያደርጋል። ሆን ብዬ ነው፤ የምትጾሙ እንዳትቸገሩ።

ሰኞ፦ ዴድሊፍትና ፑሽ አፕ። ማክሰኞ፦ ቀላል ሩጫ። ረቡዕ፦ እረፍት። ሐሙስ፦ ዴድሊፍት፣ ፑሽ አፕና አጭር ሩጫ። ዓርብ፦ ፕላንክና የእግር ጉዞ። ቅዳሜ፦ ረጅም ሩጫ። እሑድ፦ ምንም።

ፑሽ አፑ፣ አንድ በአንድ

1. በደረታችሁ ተኙ። መዳፋችሁ መሬት ላይ፣ ከትከሻችሁ ሥር ይሁን። ሌባ ጣታችሁ ከትከሻችሁ የውጭ ጠርዝ አይለፍ።
2. እግራችሁን ግጠሙ፣ ወይም ቢበዛ የአንድ ቡትስ ወርድ ያህል ክፈቱ።
3. ከትከሻ እስከ ተረከዝ እንደ ሳንቃ አንድ ላይ ተነሱ። ደረት ቀድሞ ዳሌ ከተከተለ አይቆጠርም። በተለምዶ «እንደ እባብ ተነሳ» የምንለው ይሄ ነው።
4. ክርናችሁ እስኪቃና ግፉ።
5. ውረዱ። ደረት፣ ዳሌና ጭን መሬት ይንኩ።
6. ሁለቱንም እጅ ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ ሰውነታችሁ መስቀል ይሥራ። ከዚያ እጃችሁን መልሱ። አሁን አንድ ተቆጠረ።

መሬት ላይ ተኝቶ ማረፍ አይቻልም። የሚታረፈው ከላይ ሆኖ፣ ክንድ ተቃንቶ ነው። ጉልበት መሬት ከነካ ወይም እጅ ወይም እግር ከመሬት ከተነሳ ያበቃል።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሰዓት አትያዙ። አምስት ዙር ሥሩ፣ በየዙሩ መካከል ሁለት ደቂቃ እረፉ። ከአቅማችሁ ሁለት ቀንሱ፤ 10 የምትችሉ ከሆነ በየዙሩ 8። በሳምንት ለየዙሩ አንድ ጨምሩ።

*ሳይሆን ሲቀር፦* አንድም የማትችሉ ከሆነ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ አትሥሩ። እጃችሁን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጉና እዚያ ጀምሩ። በየሳምንቱ ዝቅ ወዳለ ነገር ውረዱ፦ ወንበር፣ ደረጃ፣ መሬት። በተጨማሪም ከላይ ጀምራችሁ አምስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ሲነሱ የማይችሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲወርዱ ይችላሉ፤ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። የእጅ አንጓ ከታመመ በቡጢ ወይም በፑሽ አፕ መያዣ ለአንድ ሳምንት ተለማመዱ፤ ከዚያ ወደ መዳፍ ተመለሱ።

ዴድሊፍት

ባሩ መሐል ቁሙ። እግር በዳሌ ስፋት። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ላኩ፤ እጃችሁ ዕቃ ይዞ በርን በመቀመጫችሁ እንደምትዘጉት። መያዣውን ጨብጡ፣ ደረት ቀና፣ ጀርባ ቀጥ። አየር ሳቡና ሆዳችሁን አጥብቁ። ከዚያ በእጅ አትጎትቱ፤ መሬቱን በእግራችሁ ግፉት። ስትመልሱት ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ። መወርወር አይቻልም፤ መሬት ላይ አስቀምጦ ማረፍም አይቻልም።

በቀላል ጀምሩ። አምስት ጊዜ እያነሳችሁ አራት ዙር። በሳምንት 10 ፓውንድ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ጓደኛ ከጎን ይቅረጻችሁ። ጀርባችሁ ከጎበጠ ያ ክብደት ለዛሬ አልቋል፤ ቀንሱ። ከፈተናው በፊት ግባችሁ ከሰንጠረዡ ዝቅተኛ 40 ፓውንድ በላይ ማንሳት ይሁን፤ ምክንያቱም በፈተና ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያነሳችሁት ካልሆነላችሁ አንዴ ዝቅ ባለ ክብደት ይፈቀድላችኋል፤ ስለዚህ በጀብድ አትጀምሩ።

ጂም የሌላችሁ፦ ሁለት የ25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ከሐበሻ ሱቅ ግዙና ሁለቱን ጠንካራ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ለአንድ ወር ይበቃል። እናታችሁ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ኋላ ትለምደዋለች።

ሩጫ

ሦስቴ በሳምንት፣ ከዚያ አይብለጥ። እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ያልሮጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ ይራመድ፣ በድምሩ 20 ደቂቃ። በየሳምንቱ የጠቅላላውን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ጨምሩ። ሮጣችሁ የምታውቁም ይሄን አትለፉት። ሳንባ በሦስት ሳምንት ይለምዳል፤ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ሳንባችሁ «እንሂድ» ሲል ቅልጥማችሁ ገና ነው።

## ደረጃ 3፦ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፣ ጉተታና ፍጥነት

አሁን ሦስተኛው ፈተና ይገባል። በ25 ሜትር መስመር ላይ እንዲህ ነው፦

1. በደረት ተኝታችሁ ጀምሩ። ስትነሱ ሩጡ፣ መስመሩን በእግርና በእጅ ንኩ፣ ተመለሱ።
2. ሁለት የ45 ፓውንድ ፕሌት (ክብ የብረት ክብደት) የተጫነበትን ስሌድ (መሬት ለመሬት የሚጎተት መንሸራተቻ) ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ጎትቱ። ስሌዱ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ማለፍ አለበት።
3. ወደ ጎን ተንሸራተቱ። እግራችሁን አታጣምሩ። ስትመለሱ ፊታችሁን አታዙሩ፤ ሁለቱም እግሮች ተራ ይምሩ።
4. ሁለት የ40 ፓውንድ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ክብደት) ይዛችሁ ሩጡ።
5. ሌላ ስፕሪንት።

በቤት ዕቃ ይለመዳል። ባለ 5 ጋሎን የውሃ ጀሪካን ሲሞላ 42 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ሁለት ጀሪካን ማለት ሁለት ኬትልቤል ማለት ነው። የልጅነት የውሃ መቅጃችን እዚህም ተከትሎን መጣ። ለስሌድ አሮጌ የመኪና ጎማ በገመድ እሰሩና የጤፉን ከረጢት ጫኑበት። ሣር ላይ ጎትቱ፤ አስፋልት ላይ ጎማ አይንሸራተትም።

ሰው የሚሳሳተው ጉተታው ላይ ነው። በእጅ ይጎትታል። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጉ፣ መቀመጫችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አጭር አጭር እርምጃ ሂዱ። ክብደታችሁ ራሱ ይጎትታል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሩጫ በፊት ሁለት ዙር ሥሩ፣ በመካከል አምስት ደቂቃ እረፉ።

ሐሙስ ያለው አጭር ሩጫ አሁን ፈጣን ይሁን። ትራኩ 400 ሜትር ነው፤ ሁለት ማይል ስምንት ዙር ያህል ነው። ሁለት ማይል በ18 ደቂቃ ለመጨረስ እያንዳንዱን ዙር በ2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ መሮጥ አለባችሁ። አራት ዙር በዚህ ፍጥነት ሩጡ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ። በ8ኛው ሳምንት ስድስት ዙር ድረሱ። የመጀመሪያውን ዙር በ1:50 ጨርሶ አምስተኛው ላይ የሚንገዳገድ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። አታድርጉት።

ፕላንክ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ክርን ከትከሻ ሥር፣ መቀመጫ አይነሳ አይውረድ፣ መተንፈስ አይቁም። በሳምንት ሦስቴ ያዙት፤ በየጊዜው 10 ሰከንድ ጨምሩ።

## ደረጃ 4፦ 9ኛና 11ኛ ሳምንት፣ ሙሉ ሙከራ

ይሄን ደረጃ ዘለው የሚሄዱ ናቸው ፈተና ላይ «ምን ሆንኩ?» የሚሉት። አምስቱን ሁሉ፣ በቅደም ተከተል፣ በአንድ ጠዋት ሥሩ። ፑሽ አፑን ሌላ ሰው ይቁጠር። ዘመድ ሳይሆን የማያዝንላችሁ ሰው ምረጡ።

የሩጫ ሰዓታችሁ ከለመዳችሁት አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። አትደንግጡ። እውነተኛው ሰዓታችሁ ይሄ ነው። ከሰንጠረዡ ጋር የምታነጻጽሩትም ይሄን ብቻ ነው። 10ኛው ሳምንት ላይ በጣም የደከማችሁበትን አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ተጨማሪ አንድ ቀን ስጡት። ሁሉንም አንድ ላይ ለማስተካከል አትሞክሩ።

12ኛው ሳምንት ላይ ግማሽ ያህል ብቻ ሥሩ። ከመሄጃችሁ ሁለት ቀን በፊት መራመድ ብቻ። የስንብት ድግሱ ላይ «ሥጋ ብላ፣ ትጠነክራለህ» ለሚሏችሁ አመስግኑና ጥሬውን ተዉት። ሆድ ታምሞ ቤዚክ መግባት አትፈልጉም።

## ከጡንቻ ውጭ ያለው

ጦሩ በኦክቶበር 2020 ባወጣው መመሪያ ብቃትን በአምስት ይከፍለዋል፦ አካል፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ አእምሮና መንፈስ። ለእኛ ሰዎች የሚከብዱትን ብቻ ላንሳ።

ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከባዱን ልምምድ ከበላችሁ ሁለት ሰዓት በኋላ አድርጉ። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በፊት መራመድ፣ ከኢፍጣር በኋላ ክብደት። ፕሮቲን ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከአተር ክክና ከቶፉ ይገኛል፤ ግን ጭልፋውን እጥፍ አድርጉት። ብዙ ሰው እንጀራውን ያበዛና ወጡን ይቀባዋል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ግን ጨምሩበት።

ቤዚክ ውስጥ ምን እንደምታደርጉ ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ፊት ለፊት ጠይቁ። ሰው እዚያ ገብቶ፣ በአንድ በኩል ኅሊናው በሌላ በኩል ረሃቡ እየጎተተው ሁለት ሳምንት ሲሰቃይ አውቃለሁ። ቤታችሁ ተመልሳችሁ የማትጠይቁትን ጥያቄ ይዛችሁ አትሂዱ። ሃይማኖታዊ ጥያቄ ካላችሁ እዚያ የምትፈልጉት ሰው ቻፕሊን (የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ) ነው።

እንቅልፍ። ማታ እስከ ሰባት ሰዓት ስልክ ላይ ለሚቆይ ሰው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሳት ቅጣት ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር 4:30 መሆኑ ነው። ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተኙ፣ ያህሉንም ቀድማችሁ ተነሱ። ቢያንስ ለሰባት ሰዓት ያህል ተኙ። እዚያ ሌሊት ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያስቆማችሁ የጥበቃ ተራም አለ፤ ተመልሶ ቶሎ መተኛትን መልመድ ያስፈልጋል።

አእምሮ። ሲያሳድጉን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገት መድፋት አክብሮት ነው። ድሪል ሳርጀንት (የቤዚክ አሠልጣኝ) ፊት ሁለቱም ይከስራሉ። ቀጥ ብላችሁ ፊት ለፊት እዩ፣ የእሱን ዓይን አትፈልጉ፣ ጮክ ብላችሁ መልሱ። አሁኑኑ ተለማመዱት፦ ፑሽ አፕ ስትሠሩ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ጎረቤት ይስማ።

ሌላው ችግራችን ሕመም መደበቅ ነው። «እችላለሁ» እያሉ በተሰነጠቀ አጥንት መራመድ ጀግንነት ይመስለናል። ውጤቱ ከክፍሉ ወጥቶ ከሌላ ቡድን ጋር እንደገና መጀመር ሊሆን ይችላል። ሲክ ኮል (የታመመ ሐኪም የሚታይበት ሰዓት) የሚባል ነገር ያለው ለዚህ ነው፤ ተናገሩ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ

የቅልጥም ሕመም። በጣታችሁ አጥንቱን ዳስሱ። ሕመሙ ረጅም መስመር ላይ ከተሰራጨና ሲሞቅ ከቀነሰ፣ ሩጫውን ለአንድ ሳምንት በብስክሌት ወይም በዋና ተኩ። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊትም ከቀሰቀሳችሁ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካቃታችሁ አቁሙና ራጅ ተነሱ።

ወገብ። ደብዘዝ ያለ የድካም ሕመም ሁለት ቀን ይቆያል፣ ያልፋል። ወደ እግር የሚወርድ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ግን ሐኪም ይየው።

ሙቀት። ራስ ምታት፣ መፍዘዝና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጥላ ሥር ግቡ። አንድ ሰው ግራ ከተጋባ፣ የማይገናኝ ነገር ካወራ ወይም ከወደቀ አትጠብቁ። 911 ደውሉ፤ እስኪመጡ ልብሱን አውልቁና በበረዶ ውሃ በተነከረ አንሶላ ጠቅልሉት፣ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት። አፉ ላይ ውሃ አታፍስሱ።

ውሃ መብዛት። ይሄም ይገድላል። የጦሩ ገደብ በሰዓት አንድ ተኩል ኳርት፣ ማለትም 1.4 ሊትር ገደማ ነው። ብዙ ጠጥቶ፣ ሽንቱ እንደ ውሃ ጠርቶ፣ ራሱን እያመመውና እያስመለሰው ላለ ሰው ተጨማሪ ውሃ አትስጡ። ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ኮላ የመሰለ ሽንት። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻ አብጦ፣ እጅ ማጠፍ አቅቶ፣ ሽንት ኮላ ከመሰለ ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊት ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይሄ በብዛት የሚመጣው ወራት ሙሉ ሳይሠሩ ቆይተው በአንድ ቀን ሦስት መቶ ፑሽ አፕ ለመሥራት በሚወራረዱ ሰዎች ላይ ነው።

ሳምንት ካመለጣችሁ። ታምማችሁ ወይም ሥራ በዝቶባችሁ አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ፣ ያቆማችሁበትን ሳምንት ድገሙ። ሁለት ሳምንት ከዘለላችሁ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሱ። ሦስት ከሆነ ደግሞ ሪክሩተሩ ጋ ደውሉ፤ ስለ ቀኑ የምታወሩት አሁን ነው እንጂ ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ አይደለም።